ኤክሴልን ከሱቁ ዳታቤዝ ጋር ማገናኘት፦ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ጉዳይ

ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት አለ። ገመድ፣ ብሬከር፣ ሶኬት፣ አምፖልና የመሳሰለውን ይሸጣል። ሱቁ ቀድሞ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከነንብረቱ ወደዚህ ተዛወረ።

ሽያጩም ስቶኩም የሚመዘገበው በአንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ያለው ካሸሯ ጋ በተቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። እነሱ «ሰርቨሩ» ይሉታል። መረጃው የሚቀመጠው ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ውስጥ ነው፤ የ2019 እትም። ኤክስፕረስ በነፃ የሚገኝ ነው። ይህኛው እትም በአንድ ዳታቤዝ እስከ 10 ጊጋባይት ይይዛል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሱቅ ለዓመታት ይበቃል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ፎቅ ላይ ናት። ማታ ማታ የቀኑ ሽያጭ ከሰርቨሩ ይታተምላታል። ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ አንድ በአንድ ኤክሴል ላይ ትጽፈዋለች። አንድ ቁጥር ከተዛባ፣ እሱን ፍለጋ ሌላ ማታ ይሄዳል። ይህ የሰው ዕድሜ የሚበላ ሥራ ነው። ብዙ ቢሮ ውስጥ አየዋለሁ፤ ሁሌም ያናድደኛል። መረጃው እኮ ቀድሞውኑ ኮምፒውተር ውስጥ አለ።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ 2017። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። አዲስ ዴስክቶፕ ተገዝቶላት ነበርና «ሽያጩ ለምን በቀጥታ ኤክሴል ላይ አይመጣልኝም?» ብላ ጠየቀች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም «ይመጣል» ነው።

ከእኔ በፊት ሌላ ባለሙያ ሞክሮ ነበር። አልሆነለትም። የተወው ነገር ግን ብዙ ነው። የሁለቱም ኮምፒውተር ፋየርዎል፣ ማለትም ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው በረኛ፣ ጠፍቷል። ኦፊስ ተነቅሎ እንደገና ተጭኗል። ኦዲቢሲ በሚባለው የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ አንድ ግንኙነት ተፈጥሯል። የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ ፓስወርድ ደግሞ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል።

ባለቤቱ ተከትለውኝ ፎቅ ወጡ። «ልጄ፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ኤክሴሉም ይሠራል። ታዲያ ምን ቀረ?» አሉኝ።

«መሀሉ ነው የቀረው ጋሼ» አልኳቸው። «እሱን ደግሞ ከታች ጀምረን አንድ በአንድ እናየዋለን።»

መሀሉ ምንድን ነው?

ኦዲቢሲ ማይክሮሶፍት በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው መገናኛ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኤክሴል የእያንዳንዱን ዳታቤዝ ጠባይ ማወቅ አይጠበቅበትም። ጥያቄውን በአንድ ወጥ መንገድ ያቀርባል፤ ድራይቨር የሚባለው ቁራጭ ሶፍትዌር ተቀብሎ ዳታቤዙ በሚገባው መልክ ያደርሳል። የትኛው ድራይቨር፣ የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ዳታቤዝ የሚለው በአንድ ስም ሥር ይቀመጣል። ያ ስም ዲኤስኤን ይባላል።

ችግሩ፣ በኤክሴልና በዳታቤዙ መካከል ብዙ ደረጃ አለ። ኔትወርክ፣ ፖርት፣ ፋየርዎል፣ ድራይቨር፣ መግቢያ ስም፣ ከዚያ በኋላ ነው መረጃው። አንዱ ሲበላሽ ስክሪን ላይ የሚወጣው ከሞላ ጎደል ያው «አልተገናኘም» ነው። ሰው ይጨንቀውና ሁሉንም በአንዴ ይነካካል። እዚህም የሆነው እሱ ነው። እኔ የያዝኩት መንገድ አንዱን ደረጃ ለብቻው መፈተሽ፣ ሲያልፍ ወደ ቀጣዩ መሄድ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነበር።

መጀመሪያ የጠፋውን ፋየርዎል በሁለቱም ላይ መልሼ አበራሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግራ ገባት። «እሱ እኮ ነው የሚከለክለው ብለውኛል» አለች። ፋየርዎሉ ጠፍቶም እንዳልሠራ አስታወስኳት። ጥፋቱ ሌላም ቦታ ነበር ማለት ነው።

አድራሻው

ግንኙነቱ ውስጥ የተጻፈው የሰርቨሩ አድራሻ የድሮው ነበር፤ ፒያሳ እያሉ የነበረው። አዲሱ ቤት ውስጥ ራውተሩ ሌላ ነው። ሌላ ራውተር የሚያድለው አድራሻም ሌላ ነው። በዚያ ላይ ራውተር አድራሻ የሚያድለው በውሰት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ የተለየ ቁጥር ይዞ ሊነሳ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ለሰርቨሩ አንድ ቁጥር በቋሚነት አስያዝኩለት፤ 192.168.1.50። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተርም እንዲሁ፣ 192.168.1.51። የሷ ለምን እንዳስፈለገ በኋላ ይታያል። ከዚያ ከሷ ኮምፒውተር ፒንግ አደረግኩ፤ መለሰ። ይህ ደረጃ አለፈ።

ፖርቱ

ፒንግ መለሰ ማለት ኮምፒውተሩ አለ ማለት ነው እንጂ ዳታቤዙ ይሰማል ማለት አይደለም። ሕንፃውን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ የሚፈልጉት ቢሮ ክፍት ሆኖ ማግኘት ሌላ። ፖርት የሚባለው ይህ የቢሮ ቁጥር ነው፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር የተለመደው 1433 ነው። ከሷ ኮምፒውተር ላይ ፓወርሼል ከፍቼ «ቴስት ኔት ኮኔክሽን» በሚባለው ትዕዛዝ አድራሻውንና 1433ን ሰጥቼ ጠየቅኩ። መልሱ «ፎልስ» ሆነ፤ አልተገኘም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወደ ፋየርዎል ይሮጣል። ከዚያ በፊት ግን ከውስጥ የሚሰማ አለ ወይ የሚለው ይቀድማል። ያው ትዕዛዝ ሰርቨሩ ራሱ ላይ ሲሰጥም «ፎልስ» አለ። ለካስ በዚያ ፖርት የሚሰማ ማንም የለም። ለዚህ ነው ፋየርዎሉን ማጥፋት ምንም ያልፈየደው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኤክስፕረስ ሲጫን በኔትወርክ ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ አይቀበልም፤ ቲሲፒ/አይፒ የሚባለው መንገድ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ታዲያ የሱቁ ፕሮግራም እንዴት ይሠራል? ፕሮግራሙና ዳታቤዙ አንድ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። የሚነጋገሩት ሼርድ ሜሞሪ በሚባለው የውስጥ መንገድ ነው፤ ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም። የጋሼ «ፕሮግራሙ ይሠራል» እውነት ነው፤ ግን ስለ ኔትወርኩ የሚነግረን ነገር አልነበረም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ማናጀር ከፈትኩ። ፕሮቶኮሎቹ ውስጥ ቲሲፒ/አይፒ «ዲሴብልድ» ይላል። «ኢኔብልድ» አደረግኩት። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ኤክስፕረስ በስም የተጫነ በመሆኑ የፖርት ቁጥሩ ተለዋዋጭ ነው። በፕሮቶኮሉ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ፣ «አይፒ ኦል» በሚለው ሥር «ቲሲፒ ዳይናሚክ ፖርትስ» የሚል ቦታ አለ። እሱን ባዶ አደረግኩት። ከሥሩ «ቲሲፒ ፖርት» በሚለው ላይ 1433 ጻፍኩ። ዳይናሚክ የሚለው ላይ ዜሮ ቢቀር እንኳ ተለዋዋጭነቱ ይቀጥላልና ፈጽሞ መጥፋት አለበት።

ለውጡ የሚሠራው ሰርቪሱ፣ ማለትም ዳታቤዙን ከጀርባ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ታች ገዢ ቆሟል። ካሸሯ ደረሰኝ እየቆረጠች ሰርቪስ ማጥፋት አይቻልም። ለምሳ እስኪዘጋ ጠበቅን። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪሱን አጥፍተን አስነሳነው። ሰርቨሩ ላይ «ትሩ» አለ። ከፎቅ ግን አሁንም «ፎልስ»።

አሁን በእርግጥ ተራው የፋየርዎሉ ነው። ሰርቨሩ ላይ አንድ የመግቢያ ደንብ ጨመርኩ። በቲሲፒ 1433 የሚመጣ ይግባ፣ የሚመጣውም ከ192.168.1.51 ብቻ ይሁን። የሷ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ነበር፤ «ፕራይቬት» አደረግኩትና ደንቡም ለዚያ ብቻ እንዲሠራ ተውኩት። ከፎቅ እንደገና ስጠይቅ «ትሩ» መጣ።

ለአንድ ኮምፒውተር አንዲት በር መክፈት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሙሉ ፋየርዎል አጥፍቶ መሄድ ግን በሱቁ ዋይፋይ ላይ ያለን ስልክ ሁሉ ከሽያጭ መዝገቡ ፊት ማቆም ነው። ይህን እየደጋገምኩ የምናገረው በትናንሽ ድርጅቶች ዘንድ እንደ መፍትሔ ተለምዶ ስላየሁ ነው። መለመድ የለበትም።

ስሙ አለ፣ ኤክሴል ግን አያየውም

ወደ ኦዲቢሲው መጣን። ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ አሳየችኝ። ኦዲቢሲ መስኮት ውስጥ፣ «ሲስተም ዲኤስኤን» በሚለው ገጽ፣ ባለሙያው የፈጠረው ስም ቁጭ ብሏል። ኤክሴል ከፍታ «ዳታ»፣ «ጌት ዳታ»፣ «ፍሮም ኦዲቢሲ» ስትል ግን ዝርዝሩ ውስጥ ያ ስም የለም። «ይኸው፣ እዚያ አለ፣ እዚህ የለም» አለች። ይህ ሰውን ከምንም በላይ የሚያደናግር ነው።

ዊንዶውሱ 64 ቢት ነው። እንደገና የተጫነው ኦፊስ ግን 32 ቢት ነው፤ እነዚህ አንድ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ይህን ለማወቅ ኤክሴል ውስጥ «ፋይል»፣ «አካውንት»፣ ከዚያ «አባውት ኤክሴል» ማለት ይበቃል፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል። 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ሁለት የኦዲቢሲ መስኮት አለው፤ አንዱ ለ64 ቢት ፕሮግራሞች፣ አንዱ ለ32 ቢት። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። በአንዱ የተፈጠረ ሲስተም ዲኤስኤን በሌላኛው አይታይም። ባለሙያው የፈጠረው በ64ቱ ነው፤ የሷ ኤክሴል የሚያየው 32ቱን ነው።

የፋይሎቹ አቀማመጥም ነገሩን ያወሳስበዋል። ሲስተም32 የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው የ64 ቢቱ መስኮት ነው። ሲስዋው64 ውስጥ ያለው ደግሞ የ32 ቢቱ። ስሙን አይቶ የሚገምት ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚከፍተው። ስለዚህ በፎልደር ከመሄድ፣ ስታርት ላይ «ኦዲቢሲ» ብሎ ጽፎ ከሚመጡት ሁለቱ «32 ቢት» የሚለውን መምረጥ ይሻላል።

ኦፊሱን ነቅሎ 64 ቢቱን መጫንም መፍትሔ ይሆን ነበር። አላደረግኩትም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ኦፊስ አይነካም። ባለሙያው የጫነው ኦዲቢሲ ድራይቨር 18 ነበር። የ64 ቢቱ መጫኛ የ32 ቢቱንም ድራይቨር አብሮ ይጭናል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር መጫን እንኳ አላስፈለገም። በ32 ቢቱ መስኮት አዲስ ሲስተም ዲኤስኤን ጀመርኩ።

«ሰርቨር» በሚለው ቦታ አድራሻውንና ፖርቱን በኮማ ለይቼ ጻፍኩ፤ 192.168.1.50,1433። ኮማ ነው፣ ሁለት ነጥብ አይደለም። ብዙ ሌላ ፕሮግራም ሁለት ነጥብ ስለሚጠቀም እጅ ወደዚያ ይሄዳል።

ቀጣዩ መሰናክል የምስክር ወረቀት ነው። ከድራይቨር 18 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ግንኙነቱ ሳይነገረው በምስጢር ይቆለፋል፤ ሰርቨሩም ማንነቱን የሚያረጋግጥ የታመነ የምስክር ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቃል። የኛ ሰርቨር ያለው ራሱ ለራሱ የጻፈው ወረቀት ነው። ድራይቨሩ «ይህን የሰጠውን አካል አላምነውም» ብሎ ይመልሳል። መውጫው ሁለት ነው፤ በአግባቡ የታመነ ምስክር ወረቀት ማስገባት፣ ወይም «ትረስት ሰርቨር ሰርተፊኬት» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ። ምልክት ሲደረግ መረጃው አሁንም ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ የሰርቨሩ ማንነት ግን አይጣራም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሽቦ በተያያዙ ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ሁለተኛውን መረጥኩ። ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ በጭራሽ አላደርገውም ነበር።

በማን ስም ይገባል?

ባለሙያው የዋና አስተዳዳሪውን ስም ሊጠቀም ነበር። በዚያ ስም የገባ ሰው ሙሉ ዳታቤዙን መሰረዝ ይችላል። ሪፖርት ለማውጣት የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሒሳብ ክፍሉ አዲስ መግቢያ ፈጠርኩ፤ በሱቁ ዳታቤዝ ላይ «ዲቢ ዳታ ሪደር» የሚባለውን ሚና ብቻ ሰጠሁት።

ስንሞክር 18456 የሚል ስህተት መጣ፤ «ሎጊን ፌይልድ»። ይህ መልእክት ለተጠቃሚው ሆን ብሎ ምክንያቱን አይናገርም፤ ለሌባ ፍንጭ ላለመስጠት ነው። እውነተኛው ምክንያት ሰርቨሩ ላይ ባለው የስህተት መዝገብ ይጻፋል። እዚያ «ስቴት 58» ይላል። ትርጉሙ ሰርቨሩ የሚቀበለው የዊንዶውስ መግቢያ ብቻ ነው ማለት ነው። ፓስወርድ ቢሳሳት ኖሮ 8 ይል ነበር። ያቺን ቁጥር ሳያዩ ፓስወርድ ሲቀያይሩ መዋል ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱን ዓይነት መግቢያ እንዲቀበል አስተካክዬ፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ሰርቪሱን አስነሳሁት።

በዚህ ጊዜ «ቴስት ኮምፕሊትድ ሰክሰስፉሊ» አለ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኤክሴል ከፈተች። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። መረጠችው። የመጡት ሰንጠረዦች ግን የማታውቃቸው ናቸው። ዲኤስኤኑ ላይ «ዲፎልት ዳታቤዝ» ካልተመረጠ መግቢያው ወደተመደበለት ይወስዳል፤ ካልተነገረው ያ «ማስተር» የሚባለው የሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ ነው። የሱቁን ዳታቤዝ መረጥን። የሽያጭ ሰንጠረዡ መጣ።

ባለቤቱ አንድ ስጋት ነበራቸው። «እሷ ስትነካካው ታች ያለው ሽያጭ ቢበላሽስ?» አሉ። በአፍ ከማረጋጋት ማሳየት ይሻላል ብዬ፣ በዚያው መግቢያ አንድ ዋጋ ለመቀየር ሞከርኩ። ሰርቨሩ ፈቃድ የለህም ብሎ መለሰ። መልእክቱን ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀየርን፤ ቢጫው ወረቀት ተቀደደ። አዲሱ ባለቤቱ ካዝና ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ልክ ነው ወይ?

ተገናኘ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የግንቦትን ሽያጭ በእጇ ጽፋ ጨርሳ ነበር። ያ ለእኛ ማመሳከሪያ ሆነ። የግንቦትን ሽያጭ በግንኙነቱ አምጥተን ከሷ ድምር ጋር አስተያየነው። አልገጠመም። የኛ አነሰ።

ዳታቤዙ ቀኑን የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ግንቦት 1 ማለት ሜይ 9፣ ግንቦት 30 ማለት ጁን 7 ነው። «ከሜይ 9 እስከ ጁን 7» ብለን ነበር የጠየቅነው። ትክክል ይመስላል። የቀኑ ዓምድ ግን ሰዓትም አለው። «እስከ ጁን 7» ሲባል ዳታቤዙ የሚገባው እስከ ጁን 7 እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ቀኑ ገና ሲጀምር ነው። ያን ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የተሸጠው በሙሉ ከሪፖርቱ ውጭ ቀረ። ያነሰው የግንቦት 30 ሽያጭ ነበር። ጥያቄውን «ከሜይ 9 ጀምሮ፣ ከጁን 8 በፊት» ብለን ቀየርነው። ጎደለ የተባለው መጣ። አንዲት ትንሽ ልዩነት ቀረች፤ እሷ ስትፈተሽ በእጅ ሲጻፍ አኃዙ የተገላበጠ አንድ ደረሰኝ ሆኖ ተገኘ።

የቀን አጻጻፉም ወጥመድ አለው። ሰኔ 1 ጁን 8 ነው። 6/8 ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ኮምፒውተር ጁን 8፣ ሌላው ኦገስት 6 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ቀኑን ሁሌም በ8 አኃዝ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርገን ጻፍነው፤ 20250608። የየወሩን መነሻ የያዘች ትንሽ ሰንጠረዥም ኤክሴሉ ውስጥ ሠራንላት። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው በአንድ ቀን ስለሚገፋ፣ ሰንጠረዧ በየዓመቱ መስከረም ላይ ትታያለች።

ፓስወርዱ ኤክሴል ፋይሉ ውስጥ የለም። በ«ጌት ዳታ» ሲገባ የሚቀመጠው እሷ ኮምፒውተር ላይ፣ በሷ የዊንዶውስ ስም ሥር ነው። ፋይሉን ለኦዲተር ብትልክ ቁልፉ አብሮ አይሄድም።

በመጨረሻ ሁሉንም ዘጋን፤ ራውተሩን ሳይቀር። መብራት ሄዶ እንደመጣ አድርገን አስነሳነው። «ሪፍሬሽ» አለች። የቀኑ ሽያጭ መጣ።

ሁለት ነገር ይቀራል። ከድሮ ደንበኞች የአንዳንዱ ስም በ«????» ነው የሚታየው። ይህ የግንኙነቱ ጥፋት አይደለም። ያ ዓምድ ፊደላችንን መያዝ በማይችል ዓይነት ስለተፈጠረ፣ ስሙ ሲመዘገብ ነው ወደ ጥያቄ ምልክት የተቀየረው። ዳታቤዙ ውስጥም ያው ነው፤ ከዚያ መመለስ አይቻልም። ዓምዱን የፕሮግራሙ ሠሪ ይቀይረዋል፣ ስሞቹ ከድሮ ደረሰኝ እየታዩ ይጻፋሉ። ባለቤቱ ደግሞ ሽያጩን ከራሳቸው ቢሮ ማየት ፈልገዋል። ለሳቸው የራሳቸው የማንበቢያ መግቢያ፣ ቋሚ አድራሻና በፋየርዎሉ ደንብ ላይ አንድ መስመር ያስፈልጋል። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ እንድንሠራው ተቀጣጥረናል።